መዳብ የተለበጠ ስፖንጅ ስንት ይሸከማል? ከመለበጥ እስከ መጭመቅ፣ ባሕር ዳር በሚገኝ ዕቃ

የደንገል ግንድ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ብትሄዱ ተቆርጦ ለመድረቅ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ጠዋት አንዱን አንስቼ አረንጓዴ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥኩት። ውስጡ ነጭ ነው። በሁለት ጣት ስጫነው እንደ ስፖንጅ እጥፍ አለ።

«ልጄ፣ ከላጥኸውማ ምን ይረባል» አሉኝ ታንኳ የሚያስሩት ሽማግሌ።

«ለምን አባባ?»

«ጉልበቱ ከላይ ነዋ።»

ያኔ ስፖንጅ በመዳብ መለበጥ ከጀመርኩ ሳምንታት አልፈውኝ ነበር። ሦስት ኩቦች ከንቱ ሆነውብኛል። ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው በቂ መዳብ አላቸው። ሲጫኑ ግን መሃላቸው እንደ ተራ ስፖንጅ ይወድቃል። የሽማግሌው ቃል ነው የገለጠልኝ። መዳቡ ውስጥም ውጭም እያንዳንዷን ቀጭን ዘንግ እኩል ካላለበሰ፣ ግራሙ ቢበዛ ጥቅም የለውም።

መመሪያው ለምሕንድስና ተማሪ፣ ላቦራቶሪ ለማያገኝ መምህርና በእጁ መሥራት ለሚወድ ሰው ነው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃችኋል።

ለምን ይጠነክራል?

ስፖንጅ በቅርብ ሲያዩት ቀጫጭን ዘንጎች የተገጣጠሙበት መረብ ነው። ስትጫኑት ዘንጎቹ ይጎብጣሉ። የሚጎብጥ ዘንግ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚሳበውና የሚጨመቀው በውጭ ገጹ ላይ ነው። መሃሉ ብዙም ሥራ የለበትም። ስለዚህ ጠንካራውን ነገር ውጭ ላይ ብታስቀምጡት ዋጋው ይበዛል። ደንገሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። ግማሽ ዲያሜትሩ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ናት) የሆነ የፖሊዩሪቴን፣ ማለትም ስፖንጁ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ዘንግ ውሰዱ። 5 ማይክሮን መዳብ አልብሱት። ለስላሳ ፖሊዩሪቴን ግትርነቱ 0.045 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ገደማ ነው። የመዳብ ደግሞ ከ110 እስከ 120 ይደርሳል። የጉብጠት ግትርነት በግማሽ ዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ስሌቱ የተለበጠው ዘንግ ካልተለበጠው ከሺህ እጥፍ በላይ ግትር ነው ይላል። ክብደቱ ግን ካልተለበጠው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይህ እንከን የሌለበት ልብጥ ላይ ነው። የእኛው ስንጥቅም ክፍተትም ይኖረዋል፤ እዚያ አይደርስም። ሆኖም ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንን ሐሳብ እስከ ጥግ ወስደውታል። የፖሊመር (የፕላስቲክ) መረብ ሠርተው በስስ ኒኬል ለበጡት። ከዚያ ፖሊመሩን አሟሙተው አወጡት። የቀረው ባዶ የኒኬል ቱቦ መረብ ከአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ከግማሽ በላይ ተጨምቆም ወደ ቅርጹ ይመለስ ነበር።

ስፖንጁን መምረጥና መቁረጥ

የፍራሽ ስፖንጅ ከሶፋ ቤት ቁራጭ በቀላሉ ይገኛል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ስስ ሽፋን ይቀራል። ፈሳሹ ወደ ውስጥ አይገባም። አፋችሁን አስጠግታችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ እንደ ልብ ካለፈ ይሆናል፤ ከተገታ ተዉት። የተሻለው የሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ ስፖንጅ ወይም የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ነው። እነዚህ ከመነሻውም አየርና ውኃ እንዲያሳልፉ የተሠሩ ናቸው።

ማስመሪያ አስጠግታችሁ በ2.5 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሩ። 20 ገደማ ከሆነ ለእኛ ተስማሚ ነው። የብረት ስፖንጅ መጭመቅን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 13314 ደረጃ፣ ናሙናው በየአቅጣጫው ቢያንስ 10 ቀዳዳ የሚያህል ስፋት ይኑረው ይላል። ከዚያ ካነሰ የምትለኩት የዳር ዘንጎችን ድክመት ነው። 30 ሚሊሜትር በ30 በ30 የሆነ ኩብ ይህንን በደንብ ያሟላል።

መቁረጡ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ስፖንጁ ከምላጩ ስር ይሸሻል። ውኃ አጥግባችሁ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ይሁን። ከዚያ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ቁረጡት። በጋለ ሽቦ አትቁረጡ፤ ጠርዙ ቀልጦ ቀዳዳው ይደፈናል። ስምንት ኩብ አዘጋጁ። በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ አንድ በአንድ መዝኑና ቁጥር ስጧቸው። ኩቡ 27 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ክብደቱ 0.7 ወይም 0.8 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 0.01 ግራም የምታነብ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋችኋል።

ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ማድረግ

መዳቡን የምንለብጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ ስፖንጅ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንዲያሳልፍ ማድረግ አለብን። ፋብሪካዎች ይህንን በፓላዲየም ኬሚካል ያደርጉታል። ውድ ነው። እኛ ግራፋይት እንጠቀማለን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ መሃል ያለውን ጥቁር ዘንግ አውጡ። ሙቀጫ ውስጥ አልማችሁ ውቀጡት፤ ሙቀጫው ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። በስቶኪንግ ንፉት። የምትፈልጉት ጣት ላይ እንደ ኩል የሚለጠፍ ዱቄት ነው።

አንድ እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቫርኒሽና ሦስት እጅ ቲነር ቀላቅሉ። ክፍት ቦታ ሥሩ፣ ሲጋራም እሳትም አታስጠጉ። የኮላ ዓይነት ሙጫ አትጠቀሙ፤ በኋላ መለበጫው ፈሳሽ ውስጥ ይለቃል። ኩቡን ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ደግማችሁ ነክራችሁ አውጡት። ከዚያ አራግፉት። ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ደጋግማችሁ ንፉበት። ሲደርቅ መልቲሜትር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አስነኩ። ከ1000 ኦም በታች ካነበበ እለፉ። ከበለጠ ድገሙት። አሁን እንደገና መዝኑ፤ የመዳቡን ክብደት የምታገኙት ከዚህ ቁጥር ተነስታችሁ ነው።

መለበጥ

ለአንድ ሊትር የባትሪ ውኃ 200 ግራም ኮፐር ሰልፌት አሟሙ። ከዚያ 100 ሚሊሊትር የባትሪ አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አሲዱ ነው ወደ ውኃው የሚገባው። በተቃራኒው በፍጹም አታድርጉ። መነጽርና ጓንት ይኑራችሁ፤ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃም አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ኩቡን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ሦስት አራት ቦታ ውስጥ ለውስጥ ስፉት። በላስቲክ ማሰሮው ግድግዳ ዙሪያ የመዳብ ላሜራ ወይም የተላጠ ወፍራም ገመድ ጠምጥሙ። ኩቡ መሃል ይንጠልጠል። የድሮ ቻርጀር ገመድ ቆርጣችሁ ቀዩን ወደ ዙሪያው መዳብ፣ ጥቁሩን ወደ ኩቡ አገናኙ። በመስመሩ ላይ 15 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አስገቡ። ይህ ኮረንቲውን 0.3 አምፒር አካባቢ ያቆመዋል። መጀመሪያ ላይ ያንሳል፤ መዳቡ ከሽቦው እየተነሳ ሲስፋፋ ግን ይስተካከላል።

ምንጩን ፓወር ባንክ አድርጉት። የእኔ አራተኛ ኩብ መሃል መንገድ ላይ ማብራት ጠፍቶበት፣ ሲመጣ የተጨመረው ልብጥ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀ። አንድ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ አምስት ሰዓቱን ያለ ችግር ይችላል።

አምስት ሰዓት ለምን? አንድ አምፒር በአንድ ሰዓት 1.186 ግራም መዳብ ያስቀምጣል። 0.3 አምፒር በአምስት ሰዓት 1.5 አምፒር ሰዓት ነው፤ 1.78 ግራም ማለት ነው። የኩባችሁ ውስጣዊ ገጽ ሁሉ ሲደመር ከ300 ካሬ ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውፍረቱ 6 ማይክሮን ገደማ ይወጣል።

በየግማሽ ሰዓቱ ኩቡን አገላብጡት። የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ ካላችሁ ከስር አስገቡ፤ ፈሳሹ ካልተንቀሳቀሰ መሃል ያለው መዳብ ያልቅና ውስጡ ይራባል።

ስታወጡ አትጭመቁ! አንድ ጊዜ ብቻ ቢጨመቅ ልብጡ ይሰነጠቃል፤ የምትለኩትም የተሰበረ ነገር ይሆናል። በሽቦው ይዛችሁ በውኃ፣ በሶዳ ውኃ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ውስጡ አሲድ ከቀረ በማግስቱ አረንጓዴ ይሆናል። ጥላ ውስጥ አድርቁ። ባሕር ዳር ክረምት ላይ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ሁለት ቀን ይፈጃል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ያለቀውን ፈሳሽ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ከተማችን ውኃው ሁሉ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። የሟሟ መዳብ ለዓሣ መርዝ ነው፤ በጥቂቱም ይገድላል። ጣና ውስጥ ደግሞ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ፈሳሹ ውስጥ የብረት ቁርጥራጭ ወይም ዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ ጨምሩና አሳድሩ። መዳቡ ብረቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ አረፋው እስኪያቆም ሶዳ፣ ቀጥሎም ኖራ ጨምሩ፤ ዝቃጩን አድርቃችሁ በላስቲክ አስሩት። ከሁሉ የተሻለው ግን ፈሳሹን አለመጣል ነው። በጥሩ ጠርሙስ ከተከደነ ለብዙ ኩብ ያገለግላል።

አንዱን ሠውት

ከተለበጡት አንዱን በአዲስ ምላጭ ለሁለት ክፈሉት። ለፀሐይ አዙራችሁ እዩት። ሁሉም ቦታ መዳብ ቀለም ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ዳሩ ሮዝ፣ መሃሉ ግራፋይት ጥቁር ከሆነ ግን የቀሩትን መጭመቅ ጊዜ ማባከን ነው። ኮረንቲውን ቀንሱ፣ ሰዓቱን አርዝሙ፣ ማገላበጡን አብዙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኩቦቼ በሽታ ይኸው ነበር። ሳልከፍታቸው ነው የጨመቅኋቸው።

መጭመቂያው

የትምህርት ቤት ትልቅ መፈተሻ ማሽን ካገኛችሁ መልካም። ግን ጠይቁ፦ ስንት ኒውተን ነው በትክክል የሚያነበው? ለኮንክሪት የተሠራ ማሽን የእኛን ኩብ አይሰማውም። ለዚህ ሥራ 40 ኪሎ የሚመዝን የሱቅ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይሻላል።

ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ሚዛኑን ከላይ ከስር የሚያቅፍ የብረት ፍሬም አሠሩ። ከላይ መሃል ላይ ኤም 10 ዳዶ ይበየድ። በእሱ ውስጥ ረጅም ኤም 10 ቡሎን ይገባል። የዚህ ቡሎን ጥርስ እርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው። አንድ ዙር ስታዞሩት በትክክል 1.5 ሚሊሜትር ይወርዳል። ኩባችሁ 30 ሚሊሜትር ስለሆነ አንድ ዙር 5 በመቶ ነው። ቡሎኑ መጫኛም መለኪያም ሆነ ማለት ነው። ራሱ ላይ እንደ ሰዓት 12 ቦታ የተከፈለ ክብ ካርቶን ለጥፉ፤ አንዷ ክፍል 0.125 ሚሊሜትር ናት።

ቡሎኑ ሲዞር ኩቡን እንዳያጣምም ከጫፉ ስር የኩሽኔታ ብይ አድርጉ። ከብዩ ስር ወፍራም ላሜራ፣ ከላሜራው ስር ኩቡ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። ሚዛኑም ፍሬሙም ራሳቸው ጥቂት ይለምጣሉ። ስለዚህ በኩቡ ፈንታ የብረት ቁራጭ አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ጫኑ። በ5፣ በ10፣ በ20 ኪሎ ላይ ቡሎኑ ስንት እንደዞረ ጻፉ። ይህ የመሣሪያው የራሱ ልምጠት ነው። በኋላ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ ትቀንሱታላችሁ።

መጭመቅ

መጀመሪያ ያልተለበጠውን ጫኑ። ከዚያ የተለበጠውን። ፍጥነቱ አንድ ዙር በ50 ሰከንድ ይሁን። ይህ በሰከንድ ከቁመቱ አንድ ሺኛ ነው፤ የአይኤስኦ ደረጃው የሚፈቅደው ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። አንድ ሰው ያዙር፣ አንድ ሰው በየሩብ ዙሩ ኪሎውን ይጻፍ። ስልክ ሚዛኑ ላይ ደግናችሁ መቅረጽም ትችላላችሁ።

ጆሯችሁን አቅርቡ። ያልተለበጠው ዝም ብሎ ይወርዳል። የተለበጠው መጀመሪያ አንዳች ድምፅ የለውም፤ ቁጥሩ ብቻ ይፈጥናል። ከዚያ ጠሽ፣ ጠሽ ማለት ይጀምራል፣ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ኑግ። እያንዳንዷ ድምፅ የአንድ ዘንግ ልብጥ መሰንጠቅ ናት። ቁጥሩ በዚያው ቅጽበት ጥቂት ይወርድና መልሶ ይወጣል። እነዚያን ጥርሶች አታለስልሱ፤ እንዳሉ ጻፏቸው።

14 ዙር ላይ 70 በመቶ ትደርሳላችሁ። ሚዛኑ 35 ኪሎ ካለ ከዚያም በፊት አቁሙ።

ግራፉን ማንበብ

ኪሎውን በ9.8 አባዙ፣ በ900 ካሬ ሚሊሜትር አካፍሉ። የሚወጣው ስትረስ ይባላል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ያረፈው ጭነት ነው። 4 ኪሎ ካነበበ 39.2 ኒውተን ነው፤ ስትረሱ 0.0436 ሜጋፓስካል፣ 44 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል። ስትሬኑ ደግሞ ኩቡ ከቁመቱ ምን ያህሉን እንደወረደ የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ የወረደው ርዝመት ለ30 ሲካፈል ነው፣ ልምጠቱ ከተቀነሰ በኋላ። ስትረሱን ወደ ላይ፣ ስትሬኑን ወደ ጎን ሳሉ።

ሦስት አገር ታያላችሁ። መጀመሪያ አጭር ዳገት፤ ዘንጎቹ እየጎበጡ ነው። ቀጥሎ ረጅም ሜዳ፤ አንድ ረድፍ ይወድቃል፣ ጎረቤቱ ይከተላል። በመጨረሻ ቀጥ ያለ ዳገት፤ የወደቁት ዘንጎች እርስ በርስ ተነካክተው ባዶ ቦታ አልቋል። የሜዳው ከፍታ ከ20 እስከ 30 በመቶ ስትሬን መካከል ያለው አማካይ ስትረስ ነው። ሜዳው አበቃ የሚባለው ስትረሱ የዚህን አማካይ 1.3 እጥፍ ሲሆን ነው። እስከዚያ ድረስ ከግራፉ ስር ያለው ስፋት ኩቡ የዋጠው ጉልበት ነው፤ የራስ ቁር ወይም የዕቃ ማሸጊያ ለሚያስብ ሰው ትልቁ ቁጥር ይህ ነው።

ግትርነቱን ከመጀመሪያው ዳገት አታንብቡ። የተቆረጠው ገጽ ፍጹም ለጥ ያለ ስላልሆነ ከላሜራው ጋር በሙሉ የሚገናኘው ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ሁልጊዜ ለስላሳ ያስመስሉታል። ሌላ ኩብ ወስዳችሁ እስከ ሜዳው ስትረስ 70 በመቶ ጫኑ። ከዚያ እስከ 20 በመቶ መልሱ። በካርቶኑ አንድ አንድ ክፍል እየቆጠራችሁ የምትመለሱበት መስመር ዳገትነቱ ነው እውነተኛው ግትርነት። ጭነቱን እስከ ዜሮ አታውርዱት፤ የቡሎኑ ጥርስ ልቅነት ውጤቱ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ያው የተጨመቀውን ኩብ ደግማችሁ ጫኑት። ያልተለበጠው ከሞላ ጎደል ያንኑ ግራፍ ይደግማል። የተለበጠው ግን በሁለተኛው ዙር ለስልሷል። ልብጡ ሲሰነጠቅ ዘንጉን የያዘው ቅርፊት ተቆረጠ፤ የቀረው ፖሊመሩ ነው። ቁመቱንም ለኩ። ፖሊመሩ ወደ ላይ ሊመልሰው ይታገላል፣ የታጠፈው መዳብ ይዞ ያስቀረዋል።

አሁን የመጨረሻዋ ሙከራ። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ይህች ናት። ሁለት ያልተለበጡ ኩቦች ለዩ። አንዱን እንደተባለው በ15 ኦም ለአምስት ሰዓት ለብጡት። ሌላውን በ4.7 ኦም፣ በ0.9 አምፒር፣ ለ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ። በስሌት ሁለቱም 1.5 አምፒር ሰዓት ያገኛሉ። ሚዛን ላይ አስቀምጧቸው፤ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ከዚያ ሁለቱንም ጫኑ። የቸኮለው ኩብ ገና በጥቂት ኪሎ ወገቡ ላይ ይሰበራል። የላይኛውና የታችኛው ገጹ ሳይነካ መሃሉ ብቻ እንደ ተላጠ ደንገል እጥፍ ይላል። የዘገየው ሙሉ አካሉ እየጠሸጠሸ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሁለቱንም ክፈቷቸውና ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። የአንዱ ውስጥ ቀይ ነው፣ የሌላው ጥቁር።